ጥላው ወዴት ይወድቃል? የመሃል አዲስ አበባ ተክሎችና የብርሃን ሒሳብ

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በመሃል አዲስ አበባ የሚተከለው ሣር፣ አበባና ዛፍ በእጅጉ ጨምሯል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስዱት መንገዶች ዳርቻቸውም አካፋያቸውም ተተክሎበታል። ሆኖም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ መጥቶ፣ በአንድ አትክልተኛ እጅ የተተከለ ሣር እዚህ ሲለመልም አሥር ሜትር ራቅ ብሎ ይገረጣል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም አፈሩ ገላጣ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። ቀጥሎ ማዳበሪያው፣ ከዚያ አትክልተኛው። ብርሃኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ የ13 ወር ፀሐይ አለን በሚባልበት አገር «ብርሃን አጠረ» የሚለው ነገር ለጆሮ እንግዳ ነውና።

ሕንፃው በረዘመ ቁጥር ግን በመሃል ከተማ ለተክል ከሁሉ ቀድሞ የሚያጥረው ብርሃን እየሆነ ነው። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ለም አፈር በገልባጭ ይመጣል፤ ብርሃን ተጭኖ አይመጣም። የትኛው ተክል የት ይተከል የሚለው ጥያቄ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ለዚህ ነው።

ቅጠሉ በብርሃን ምን ይሠራል?

ተክል ከአፈር የሚወስደው ማዕድን ለሕይወቱ የግድ ቢሆንም፣ ከደረቀ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ሌላው አካሉ ከአየር ከተወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ የተሠራ ነው። ይህ ሥራ፣ ማለትም ፎቶሲንተሲስ፣ በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያው ደረጃ ብርሃኑ ክሎሮፊል በሚባለው የቅጠሉ አረንጓዴ ንጥረ ነገር ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከቦታው ያስነሳል፤ የተነሳውን ለመተካት ውሃ ይሰነጠቃል፤ ኦክስጅን ይወጣል፤ ጉልበቱም ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች በሚባሉ ሞለኪሎች ይያዛል። በሁለተኛው ደረጃ ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም በስቶማታ፣ ማለትም በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና በተያዘው ጉልበት ስኳር ይሠራል። ሁለተኛው ደረጃ ብርሃንን በቀጥታ ባይፈልግም የመጀመሪያው ከቆመ በደቂቃዎች ውስጥ እሱም ይቆማል፤ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች ለነገ የሚቀመጡ አይደሉም።

ከ1779 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሌላ ነገር አለ። ሐኪሙ ጃን ኢንገንሃውስ በዚያ ዓመት እንዳሳየው፣ ተክል ኦክስጅን የሚያወጣው በአረንጓዴው ክፍሉና በብርሃን ጊዜ ብቻ ነው፤ በጨለማ እንደ እንስሳ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም፤ በየሰዓቱም ስኳር ያቃጥላል። እንግዲህ ተክል የሚያድገው በብርሃን የሠራው ስኳር በትንፋሽ ካቃጠለው ሲበልጥ ነው። ገቢው ከወጪው በታች ሲሆን ተክሉ ወዲያው አይሞትም፤ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ያስቀመጠውን እየበላ ለወራት ይቆያል። ጥላ ውስጥ የተተከለ ሣር በተተከለ ሰሞን አምሮ በአራተኛው ወር የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሆነው ክልል ይገኛል። ቅጠል ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። «አረንጓዴ ብርሃን ለተክል አይጠቅምም» የሚባለው ልክ አይደለም። ቅጠል ከሌሎቹ ቀለማት ይልቅ አረንጓዴውን በመጠኑ ስለሚያንጸባርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታየናል እንጂ አብዛኛውን ይወስደዋል፤ ይህ ቀለም እንዲያውም ቀይና ሰማያዊው ወደማይደርሱበት የቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ ይገባል።

መጠኑ የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ በሚያርፈው የፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ብዛት፣ በማይክሮሞል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ 2,000 ማይክሮሞል ይደርሳል፣ ያልፋልም። ጥላ የሚወዱ ተክሎች ገቢና ወጪያቸው የሚመጣጠነው ከ1 እስከ 10 ማይክሮሞል ባለው ብርሃን ሲሆን ፀሐይ የሚወዱት ከ10 እስከ 30 ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ብርሃኑ ሲጨምር የስኳሩ ምርት አብሮ ይጨምራል፤ ግን ወሰን አለው። እንደ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ስንዴ ያሉት ሲ3 የሚባሉ ተክሎች ቅጠላቸው ከ500 እስከ 1,000 ማይክሮሞል ሲደርስ ይጠግባል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰርዶና ኪኩዩ ሣር ከሲ4 ወገን ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለሩቢስኮ አጠራቅመው ስለሚያቀርቡ በሙሉ ፀሐይም በቀላሉ አይጠግቡም። ለማጠራቀሙ ግን ተጨማሪ ጉልበት ይከፍላሉ፤ ክፍያው የሚገኘው ከብርሃን ነው።

ፀሐይዋ በየወሩ የት ናት?

አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ 23 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል፣ ለአራት ወር ተኩል ያህል፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተሰሜን ናት። ቀሪውን ሰባት ወር ተኩል በስተደቡብ ትሆናለች። በታኅሣሥ 12 አካባቢ ከአናት ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ በሰኔ 14 አካባቢ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ብቻ።

ወደ ሜትር ሲቀየር እንዲህ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን የሕንፃ ጥላ ወደ ሰሜን የሚዘረጋው የቁመቱን 0.63 ያህል ነው። 38 ሜትር ቁመት ያለው ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ 24 ሜትር ይጥላል፤ ይህም የብዙ መንገዶችን ሙሉ ስፋት ይሸፍናል። 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጥላው 130 ሜትር ያልፋል፤ ረጅምና ቀጭን ሕንፃ ግን ጥላው ቶሎ ስለሚዞር አንድ ቦታ ላይ ብዙ አይቆይም። ለተክል የባሰው ቁመታቸው መካከለኛ ሆኖ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተሰለፉ ሕንፃዎች ናቸው፤ ጥላቸው ስለሚያያዝ ከኋላቸው ያለው መሬት ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ሳያይ ይውላል። በሰኔ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ያው ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ የሚጥለው 10 ሜትር ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ያለው ይህ አቅጣጫ ከወቅቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። የሕንፃው ሰሜናዊ ደጅ የእኩለ ቀን ፀሐይ የሚያገኘው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰኔ አጋማሽ ላይ ክረምቱ ይገባና ሐምሌና ነሐሴን ደመና ይውጣቸዋል። ስለዚህ ሰሜናዊው ደጅ ጥሩ ፀሐይ የሚያየው በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ደቡባዊው ደጅ በተቃራኒው ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ጠርቶ አየሩ በሚደርቅበት ጊዜ፣ ሙሉ ፀሐይ ይቀበላል። ሰሜኑ ውሃ ሲያገኝ ብርሃን የለውም፤ ደቡቡ ብርሃን ሲያገኝ ውሃ የለውም። ሁለቱን ደጆች በአንድ ዝርያ ሸፍኖ፣ በአንድ ቦቴ በእኩል መጠን ማጠጣት አንዱን በረሃብ ሌላውን በጥማት መግደል ነው።

ምሥራቅና ምዕራብም እኩል አይደሉም። በክረምት ዝናቡ የሚያዘወትረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ በክረምትም ቢሆን ብርሃን ይደርሰዋል፤ ወደ ምዕራብ የሚያየው ግን ድርሻው በደመና ይወሰድበታል። በበጋ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ከከሰዓቷ ትበልጣለች፤ ብርሃኗ ስለሚበልጥ ሳይሆን አየሩ ገና ስላልደረቀ ነው። ከሰዓት አየሩ ሲደርቅና ግድግዳው ሲግል ቅጠሉ ውሃ ላለማባከን ስቶማታውን ይዘጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፤ ብርሃኑ ቢትረፈረፍም ስኳር አይሠራም። በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ማጠጣት የሚመከረውም ቅጠሉ በጠዋቱ ብርሃን በሚገባ እንዲሠራ ነው።

የክረምት ደመና ሁሉ ጉዳት ብቻ አይደለም። ከደመና የሚመጣ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተበተነ ስለሆነ ወደ ዛፉ ውስጥ ይዘልቃል፤ በጠራ ፀሐይ የላይኛው ቅጠል ጠግቦ የታችኛው ሲራብ፣ በስስ ደመና ሥር ግን ሁሉም ቅጠል ይሠራል። ከባድ ጥቁር ደመና ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው ብርሃን ሲደመር ገላጣ ቦታ በጠራ የበጋ ቀን ከ40 ሞል ያልፋል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)፤ በጨለማ የሐምሌ ቀን ግማሹንም ላያገኝ ይችላል።

የሚበላሸው የት ነው?

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሣሩ ነው። ሰርዶና ኪኩዩ በቀን ከ25 እስከ 35 ሞል ይፈልጋሉ። ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኝ ሰሜናዊ ደጅ 10 ሞል ላያገኝ ይችላል። እዚያ የተነጠፈ ሣር ቅጠሉን ያረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ሥሩ ያጥራል። አትክልተኛው እንደ ፀሐያማው ወገን አሳጥሮ ሲያጭደው የቀረችውን ብርሃን ሰብሳቢ ቅጠል ያነሳበታል። እኩል ሲያጠጣው ደግሞ ጥላ ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ ስለማይደርቅ ሥሩ አየር ያጣል፣ ሻጋታ ይከተላል። ናይትሮጅን ሲጨመርበት የሌለውን ስኳር አውጥቶ ቅጠል እንዲሠራ ይገደዳል። በከፊል ጥላ ያለ ሣር በፀሐይ ካለው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ረዘም ተደርጎ ይታጨድ፤ ውሃው ጣት ገብቶ አፈሩ ደርቆ ሲገኝ ብቻ ይሰጥ። ጥላው ሙሉ ከሆነ ሣር መትከሉ ይቅር። ክሊቪያ፣ ፈርን፣ ስፓይደር ፕላንትና የመሳሰሉት መሬቱን በአነስተኛ ብርሃን ይሸፍኑታል።

ሁለተኛው የችግኝ ድንጋጤ ነው። ችግኝ ጣቢያዎች ብዙውን ተክል ግማሹን ብርሃን በሚከለክል መረብ ሥር ያሳድጋሉ። እዚያ የወጣ ቅጠል ስስና ሰፊ ሆኖ ጥቂት ብርሃን እንዲለቅም የተሠራ ነው። ወዲያው አስፋልት አካፋይ ላይ 2,000 ማይክሮሞል ሲወርድበት ከሚችለው በላይ ይሆናል። ቅጠል ትርፉን ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያስወግድበት መንገድ አለው፤ የሚጎዳውንም ፕሮቲን ሁልጊዜ ይጠግናል፤ ጉዳቱ ጥገናውን ሲቀድም ግን ክሎሮፊሉ ይነጣል። ምልክቱ የማያሻማ ነው። ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ወደ ፀሐይ የዞረው የቅጠሉ ገጽ ነጣ ብሎ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፤ በሌላ ቅጠል የተሸፈነው ክፍል አረንጓዴ ይቀራል። ውሃ ማጠር ቢሆን ኖሮ ጥላ ውስጥ ያለውም ቅጠል በጠወለገ ነበር።

የተቃጠለ ቅጠል አይድንም፤ ተክሉ ግን ከአዲሱ ብርሃን ጋር የተስማማ ወፈር ያለ ቅጠል ያወጣልና መንቀል አያስፈልግም። መከላከያው ማለማመድ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ብቻ ፀሐይ ያግኝ፤ በሁለተኛው እስከ 6 ሰዓት፤ በሦስተኛው ሙሉ ቀን። በክረምት የተተከለ ችግኝ ደመናው ራሱ ያለማምደዋል፤ የሚያሰጋው መስከረም ላይ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ሲጠራ ነው። በዚያ ሰሞን በአካፋይ ላይ ያሉ አዳዲስ ችግኞች ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ቀለል ያለ መረብ ቢዘረጋላቸው ትልቅ እርዳታ ነው።

ግንባታ ባለበት መንገድ አቧራው ሌላ ጥላ ነው። በሰፊ ቅጠል ዛፎች ብዙውን ጊዜ ስቶማታው የሚበዛው በቅጠሉ ሥር ስለሆነ ላዩ ላይ የተነጠፈው አቧራ ዋና ጉዳቱ ብርሃን መከልከሉና ቅጠሉን ማጋሉ ነው። የሲሚንቶ አቧራ የከፋ ነው፤ ካፊያ ሲነካው ቅርፊት ሆኖ ይጣበቃል። ስለዚህ በበጋ ሥሩን የሚያጠጣው ሠራተኛ በዚያው ቱቦ ቅጠሉንም ከላይም ከታችም ቢያጥበው ለተክሉ ከአንድ ከረጢት ማዳበሪያ የበለጠ ይጠቅመዋል። ይህ በጠዋት ይሁን፤ ማታ እርጥብ ሆኖ ያደረ ቅጠል ለሻጋታ ይመቻል።

ማታ ዛፎች ላይ የሚበራው ጌጥ መብራት ለፎቶሲንተሲስ የሚሆን ብርሃን አይሰጥም፤ ከመንገድ መብራት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞል በታች ነው። ሆኖም ተክል የሌሊቱን ርዝመት የሚለካው በጣም ጥቂት ብርሃን በሚሰማ ፋይቶክሮም በተባለ ሞለኪል ነው። ቀይ የገና አበባ ለምሳሌ ቅጠሎቹን ለማቅላት ረጅም ያልተቋረጠ ሌሊት ይፈልጋል። እዚህ የታኅሣሥ ሌሊት ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ በአምፖል ትንሽ ከተቆረጠ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ከብርሃኑ ይልቅ አስጊው ሽቦው ነው። ቅጠል የሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ነው፤ ግንዱ ሲወፍር ጠብቆ የታሰረ ሽቦ ያንን መንገድ ያንቃል፣ ሥሩም ይራባል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው፤ በየስድስት ወሩም ይላላ።

አለካኩና ምርጫው

ልዩ መሣሪያ ባይኖር በስልክ ላይ ያለ የሉክስ፣ ማለትም ለሰው ዓይን የሚታይ የብርሃን መጠን፣ መለኪያ ይበቃል። ስልኩ ተክሉ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ወደ ሰማይ ይደረግና በየሰዓቱ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ ንባቡ ይመዝገብ። ብርሃኑ የፀሐይ ሲሆን አማካዩ ለ54 ሲካፈል ማይክሮሞል ይሰጣል፤ ያ በ0.0432 ሲባዛ የቀኑ ሞል ይገኛል። አማካዩ 16,000 ሉክስ ከሆነ 300 ማይክሮሞል ገደማ፣ በቀን 13 ሞል ነው። አንዳንድ ስልክ ከፍተኛ ብርሃን መለካት አይችልም፤ በጠራ ቀን እኩለ ቀን በገላጣ ቦታ 100,000 ሉክስ አካባቢ ካላሳየ ንባቡ አይታመንም። ልኬቱ በበጋም በክረምትም ይደገም፤ የአንድ ወቅት ብቻውን ያሳስታል።

ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ከ12 እስከ 17 ሞል ካገኙ በበረንዳ ላይ ጥሩ ቅጠል ይሰጣሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ከ20 እስከ 30 ይሻሉ፤ ከዚያ በታች ግንዳቸው ይመዘዛል፣ አበባቸው ይረግፋል። ስለዚህ ወደ ሰሜን በሚያይ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም መሞከር ልፋት ነው፤ በዚያው ቦታ ግድግዳው ነጭ ቢቀባ ተመላሹ ብርሃን ለቆስጣ ሊበቃ ይችላል። ከዛፎች ጥድና ኮሶ ከልጅነታቸው ፀሐይ ይሻሉ፤ ጃካራንዳ በጥላ ቢቆምም አበባው ይመናመናል። ዝግባ ልጅነቱን በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር የሚያሳልፍ ነው፤ ሲያድግ ግን ግዙፍ ስለሚሆን ሰፊ ግቢ ይጠይቃል።

ቢሮ ውስጥ ሒሳቡ ይጠነክራል። ከመስኮት 3 ሜትር ገባ ሲባል የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከውጭው 1 ወይም 2 በመቶ ነው፤ በከተማችን የተለመደው ቀለም ያለው አንጸባራቂ መስታወት ከዚያም ይቀንሳል። 500 ሉክስ የጣሪያ መብራት 7 ማይክሮሞል ገደማ ነው፤ በ10 የሥራ ሰዓት ሩብ ሞል ይሆናል። በዚህ ብርሃን ስኔክ ፕላንት እንኳ የሚኖረው ካስቀመጠው እየበላ ነው። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ውስጥ ማስጠጋት ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመስኮት ካለው ጋር ማፈራረቅ ይሻላል። በመብራት ለማሳደግ ከታሰበ ለአንድ ካሬ ሜትር 60 ዋት ገደማ የሚወስድ ጥሩ የተክል ኤልኢዲ በቀን 12 ሰዓት ቢበራ 4 ሞል ያህል ይሰጣል፤ ፍጆታው በወር 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

አዲስ ደጅ ከመተከሉ በፊት ተቋራጩም ሆነ የሕንፃው ባለቤት የሁለት ቀን የጥላ ሥዕል ማዘጋጀት አለባቸው፤ የታኅሣሥና የሰኔ አጋማሽ። ንድፍ ሠሪው በኮምፒውተር በደቂቃዎች ያወጣዋል። ኮምፒውተር ከሌለ ኖራ ይበቃል፦ በጠራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የጥላው ጠርዝ መሬት ላይ ይሰመር። ሦስቱም መስመሮች በጥላ ውስጥ ያስቀሩት ቦታ ለክሊቪያና ለፈርን፣ ሦስቱም በፀሐይ የተዉት ለሣርና ለጃካራንዳ ነው። በመካከል የሚቀረው ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ አበባ ይተከልበታል፤ ከሰዓት ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ድርቅ የሚችል ቁጥቋጦ ይመረጥለታል።